በማርቆስ ላይ ያረፈው ወፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ስንትና ስንት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ቢሆን ግን ሰው ፎቶ ሊነሳ ደረቱን ነፍቶ ድርቅ ብሎ ሲቆም ካየሁ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ልጆቼ "አባዬን ደግሞ ጀመረው" ይላሉ። ምን እንደሚጀምረኝ ለአንዳቸውም በወጉ ነግሬያቸው አላውቅም። እስቲ እዚህ ልናገረው።

በተፈጥሮዬ አንድ ቦታ አልረጋም። እናቴ "ይሄን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው መሰለኝ የወለድኩት" ትል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እንጀራው ሌላውን "አትነቃነቅ" ማለት ሆነና አረፈው። ጠዋት ገብቼ እስኪመሽ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ የቀበሌ፣ የማኅበር፣ የትምህርት ቤት። ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ እጅህን ሰብስብ፣ ትንፋሽህን ያዝ። ፊልማችን ዘገምተኛ ነበር፣ መብራታችንም ደካማ፤ ሰውየው ከተነፈሰ ፎቶው ይደበዝዛል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ኩሊ፣ ትንፋሹን አስይዘው ነበር።

እሑድ ሲመጣ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ወንጂ፣ አዋሽ ዳር እሸሻለሁ። እዚያ የማዘው ሰው የለም። ወንዙ ውስጥ የወደቀ ደረቅ ግንድ ላይ የሚቆም አንድ ወፍ አለ፤ አንገቱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሲዋኝ ገላው ውሃው ውስጥ ይሰምጥና አንገቱ ብቻ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እባብ መስሎኝ ብስክሌቴን ጥዬ ሮጫለሁ። የመጽሐፍ ስሙን የሚነግረኝ ስላልነበረ "አንገተ እባብ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ዓሣውን በሹል አፉ ወግቶ ያወጣል፣ ወደ ላይ ወርውሮ ይውጠዋል፤ ከዚያ ግንዱ ላይ ይወጣና ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል። ያንን ክንፍ ሙሉውን ተዘርግቶ ማንሳት ነበር ምኞቴ። እሱ እስኪመጣ ውሃው ዳር የበቀለው ረጅም ሣር፣ ፊላው ላይ የሚያርፉትን፣ ልጆች "ሄሊኮፕተር" የሚሏቸውን ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት አነሳለሁ። ጭቃ ላይ በደረቴ ተኝቼ ግማሽ ቀን እቆያለሁ። መርጋት የማላውቀው ሰውዬ እዚያ ስሆን እረጋለሁ፤ ለራሴም ይገርመኝ ነበር።

በዚያ ጊዜ ካሜራ አንግቶ ሜዳ ለሜዳ መዞር ምን እንደሚያመጣ የነበረ ያውቀዋል። እኔም ከቀበሌ ደብዳቤ አስጽፌ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ፤ "ወፍ ብቻ እንዲያነሱ ተፈቅዶላቸዋል" ይላል። ሊቀ መንበሩ "ብቻ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከትልቅ ጥቅል እየቆረጥን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በዳበሳ፣ አሮጌ የፊልም ቀፎዎች ላይ እንጠቀልለዋለን። የተነሳበትም ያልተነሳበትም ሲያዩት አንድ ነው። የኔ ምልክት ቀላል ናት፤ ተነስቶ ያለቀውን ፊልም ጫፉን እጥፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ጫፉ የታጠፈ ከሆነ ሰው አለበት፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ባዶ ነው። በዚች ምልክት ስንት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንጂ፣ የአገዳ ቆራጮች መንደር ሄጄ ሠራተኞችን አነሳለሁ። ግድግዳ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ኮትና ክራቫት ከፎቶ ቤቱ ይዤ እሄዳለሁ፤ ተራ በተራ ይለብሱታል። አንድ ቅዳሜ ማርቆስ የሚባል ወጣት መጣ፤ ከሆሳዕና ወዲያ የመጣ የሀድያ ልጅ ነው። ኮቱን ለበሰና "እግሬ ይታይ" አለኝ። እኔ የማነሳው እስከ ደረት ነው ስለው "እግሬ ካልታየ ይቅርብኝ" ብሎ ሙጭጭ አለ።

ኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ማርቆስ የሚባል ሌላ የአገሩ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጎማ እግሩ ላይ ወጣበትና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ወሬው አገር ቤት ሲገባ የገባው ስሙና የእግሩ ነገር ብቻ ነው። የኛ ማርቆስ እናት "የኔው ነው" ብለው ጥቁር ለበሱ። ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ደህና ነው ብለዋቸዋል፤ አላመኑም። እንዴትስ ይመኑ? እኛ አገር ልጅ የሞተባት እናት መርዶው በወጉ እስኪነገራት ድረስ ሰው ሁሉ የሚላት "ደህና ነው" ነው። እሳቸውም ደህና ነው በተባሉ ቁጥር እንባቸው ይብሳል። ደብዳቤ ቢላክላቸው ሌላ ሰው የጻፈው ነው አሉ። እህል ከቀመሱ ሰንብተዋል፣ ቶሎ ድረስላት፣ እንዳትሞትብህ የሚል መልእክት ደርሶታል። እሱ እንዳይሄድ የቆረጣው ወቅት አላለቀም፤ በየኬላው ደግሞ ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ጊዜ ነው።

"ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ሁለት እግሬን ካየች ትበላለች" አለኝ።

አባባ ሎምቤሶ የሚባሉ ሽማግሌ ሥራ ጨርሰው ጠቅልለው አገራቸው ሊገቡ ነው። ረቡዕ ጠዋት በናዝሬት ሲያልፉ ፎቶውን ከፎቶ ቤቱ ወስደው ለእናትየው ያደርሳሉ። እኔም እሺ ብዬ አቆምኩት። ልጁ ፎቶ ሲነሳ የመጀመሪያው ስለሆነ ሳቅ ሳቅ አለው። ሳቁን አስተውኩት። እጅህን አውርድ፣ ቀጥ በል፣ ትንፋሽህን ያዝ አልኩት። ያዘ። አነሳሁት።

የዚያን ቀን የመጨረሻው ተነሺ እሱ ነበር። ካሜራውን ከፍቼ ፊልሙን ሳወጣ አቧራ የተሸከመ ነፋስ መጣና ብርድ ልብሱን ከነሚስማሩ ነቀለው። ሁላችንም ብርድ ልብስ ስናሯሩጥ ፊልሙን ቦርሳዬ ውስጥ ጣል አደረግኩት። ጫፉን አላጠፍኩትም።

በማግስቱ እሑድ አዋሽ ዳር ያንኑ ፊልም ካሜራዬ ውስጥ ከተትኩ። አወይ ያ ቀን! ሄሊኮፕተሮቹ ከፊላው አልነሳ አሉኝ። አንገተ እባቡም ግንዱ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ ክንፉን እንደ አንሶላ ዘረጋው። አንዱንም ሳላስቀር ፊልሙን ጨረስኩበት። ወደ ቤት ስመለስ እያፏጨሁ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ፊልሙን አጠብኩ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያየሁት ወፉን ነው። ክንፉ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። በደስታ ወረቀት ላይ አተምኩትና የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነከርኩት። ምስሉ ቀስ እያለ ሲመጣ በክንፎቹ መሃል የሰው ፊት ወጣ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ወፌን አበላሸብኝ" የሚል ነው። "እግሬ ይታይ" ያለኝ ትዝ ሲለኝ ወረቀቱን አውጥቼ ወደ ቀዩ መብራት አስጠጋሁት።

እግር የለውም። ከወገቡ በታች የሚብለጨለጭ ውሃ ነው። ከወገቡ በላይ በስሱ ይታያል፤ ጀርባው ያለው ነገር ሁሉ በውስጡ ያልፋል። ከትከሻው ላይ ሁለት ትልልቅ ክንፎች ተዘርግተዋል። ሞቶ ወደ ሰማይ ሲሄድ አንሳው ቢሉኝ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አላነሳውም ነበር። የሌሎቹም ፎቶ ተደርቦበታል፤ እነሱን በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሼ አነሳቸዋለሁ። የማርቆስ ግን ለነገ ነው።

ረቡዕ በጠዋት ለሽማግሌው ነገሩን ነግሬ ላስቆማቸው አሰብኩ። የቀበሌ ስብሰባ ተጠራና በሩ ተቆለፈብን። ስለ ምን እንደተወራ አንድ ቃል አላስታውስም፤ ወንበሬ ላይ ስቁነጠነጥ አጠገቤ የነበረው ሰው ሽንት ቤት ያስፈለገኝ መስሎት አዘነልኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ሲለቁን ሮጥኩ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ በር ላይ ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። ሟች ባላቸው በናዝሬት ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሰውን በብልሃት ብርጭቆ ውስጥ፣ አበባ ውስጥ አስገብተው ያወጡ ነበር። እትዬ አስካለ ማድረቂያው ላይ የተውኩትን ፎቶ አይተው እኔም በመጨረሻ ሙያው የገባኝ መስሏቸዋል። ዳሩን እንደ መጋዝ ጥርስ አድርጎ በሚቆርጠው መቁረጫ አስውበው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ አሽገው፣ ማኅተም መትተው ለሽማግሌው ሰጥተዋል።

"እንዴት ያለ ሥራ ነው!" አሉኝ። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክንፍ ግን አውጥቶ አያውቅም።"

ዞሬ በረርኩ። መናኸሪያ ስደርስ የሻሸመኔው አውቶቡስ ከሄደ ቆይቷል። ተመልሼ ካሜራዬን አንግቼ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁና ወንጂ ድረስ ሳላርፍ ነዳሁ። ማርቆስን ያገኘሁት ተቃጥሎ የሚቆረጥ አገዳ ውስጥ ነው፤ ከጥላሸቱ የተነሳ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር። የሆነውን እያለከለክሁ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቆንጨራውን መሬት ላይ ወረወረው።

"እናቴ ያንን ካየች ትሞታለች! የገደልካት አንተ ነህ!"

አገዳው ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ቀና አለ። ከዳር የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ዱላውን ይዞ፣ ካሜራ ማን አስገባ እያለ ወደኛ መገስገስ ጀመረ። ልጁን አረጋግቼ፣ ፊቱን አስታጥቤ የማቆምበት ጊዜ የለኝም። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄድኩና እየጮኸብኝ እንዳለ አነሳሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫንኩት፤ ካቦው ደረሰብኝ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ፎቶ ቤት ገብቼ ያችን አንዲት ፎቶ አተምኩ። በእውነት አስጠሊ ፎቶ ናት። አፉ ተከፍቷል፣ ክንዱ ወደ እኔ ተወርውሯል፣ ፊቱ ጥላሸት ነው። ሁለቱ እግሮቹ ግን ከነቦቲ ጫማው አሉ። ሳትደርቅ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳትና ስድስት ሰዓት ላይ ሻሸመኔ የሚሄድ መኪና አገኘሁ።

የዚያ መንገድ ነገር! ሞጆ ሰው ለመጫን ቆመ፣ ሹፌሩን በዓይኔ በላሁት። መቂ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወጣቶቹ ለብቻ እንዲቆሙ ተደረገ። እኔ ሠላሳውን ስላለፍኩ ያ አላሰጋኝም፤ ወታደሩ ግን ካሜራዬን አየ። የቀበሌውን ደብዳቤ አወጣሁ። "ወፍ?" አለኝ። ወፍ አልኩት። "ብቻ?" አለኝ። ብቻ አልኩት። ሲፈትሸኝ ሸሚዜ ውስጥ ያለውን አገኘና ዘረጋው። "ይሄስ ወፍ ነው?" አለኝ።

ውሸት አልመጣልኝም። እናቱን፣ ወሬውን፣ ፖስታውን፣ ሁሉንም እዚያው አስፋልት ላይ ዘከዘክሁት። ወታደሩ ፎቶዋን ከላይ እስከ ታች አያት። እግሮቹ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ መልሶ ጠቀለላትና "ግባ" አለኝ። ከመኪናችን አራት ልጆች ቀርተው ሄድን። ከነሱ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ ነው፤ የወንበሩ ባዶነት እስከ ዝዋይ ድረስ ጎኔን ሲበላኝ ነበር።

ሻሸመኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። የሀድያ ሰዎች የት ያርፋሉ እያልኩ ስጠይቅ እህል ተራ አጠገብ ወዳለ ግቢ መሩኝ። አባባ ሎምቤሶ ጓዛቸው ላይ ቁጭ ብለው በቆሎ እሸት ይበላሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ተሳስተን ነው፣ ፖስታው ውስጥ ያለው የተበላሸ ነው፣ ትክክለኛው ይኸው አልኳቸው።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። "የታሸገ አደራ ነው፤ ያለ ባለቤቱ አልከፍትም። ላንተም አልሰጥም።"

"አባባ፣ ሴትየዋ ይሞታሉ!"

"አንተን አላውቅህም። ማርቆስን ነው የማውቀው። ይሄም የሱ ከሆነ ስጠኝ፤ ሁለቱንም አደርሳለሁ።"

እንግዲያው መጀመሪያ የኔን ይስጡልኝ ብዬ ለመንኩ። ቀድሜ የተቀበልኩትን ቀድሜ ነው የምሰጠው አሉኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም ትክክል ናቸው አለ። ፖስታው ከደረት ኪሳቸው ጫፉ ይታየኛል። ልመነትፋቸው አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ እጄን ዘርግቼም ነበር። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ሰበሰብኩት። ፎቶዬን ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ወራት እኔ ነኝ የማውቃቸው። ወንጂ ሄጄ ለማርቆስ ሁለቱም እንደሄዱ ነገርኩት፤ ሰምቶኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ከሩቅ አይቶ ይዞራል። የምጠይቀውም የሚነግረኝም የለም። የፎቶ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንድ እሑድ ይወጣልኝ እንደሆን ብዬ አዋሽ ዳር ሄድኩ። አንገተ እባቡ ግንዱ ላይ ወጥቶ ክንፉን ሲዘረጋ ካሜራውን ከቦርሳ ሳላወጣ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ማርቆስ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ከኋላው አንዲት ከሲታ አሮጊት ነበሩ። መጀመሪያ ያየሁት ልብሳቸውን ነው። ነጭ ነው የለበሱት።

ልጁ መሄድ ስላልቻለ እናትየው በዓይናቸው ሊያዩት መጥተዋል። አማርኛ አይችሉም፤ እሳቸው በሀድይኛ ሲናገሩ ማርቆስ አቀርቅሮ ያስተረጉማል። ከጉያቸው ሁለቱንም ፎቶዎች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ጣታቸውን ወፍ ያለበት ላይ፣ የልጁ ፊት ላይ አሳረፉ።

"ይሄን ሳይ አለቀ አልኩ" አሉ። "ወፉን ሰው ቀልዶ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። እግሩንም ትቼዋለሁ። ፊቱን ግን አየሁት፤ ትንፋሽ የለውም።"

ከዚያ ሌላኛውን አነሱና ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው።

"ይሄኛው ግን ጮኸብኝ። ሲቆጣ አፉ በግራ በኩል ነው የሚከፈተው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚሁ ነው። ወይኔ ልጄ አልኩና ቆጮ አምጡልኝ አልኳቸው።"

ማርቆስ ይህን ሲያስተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ። እኔም ዓይኔን ለመጥረግ መድኃኒት ላይ አንዳች ነገር የማስተካክል መስዬ ጨለማ ክፍል ገባሁ።

ስመለስ ከልጃቸው ጋር አንሳን አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ እሱ ከጎናቸው ቆመ። ዓይኔን ካሜራው ላይ አድርጌ እንደ ልማዴ "ትንፋሽ" ብዬ ጀመርኩና ምላሴን ያዝኩ። እናትየው በሀድይኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱ ሳቀ፣ ያኔ ተጫንኩ። ትከሻው ደብዘዝ ብሎ ወጣ። በሌላ ጊዜ ቢሆን የምጥለው ፎቶ ነው። እሳቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ወፍ ያለበትን ግን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ይሄ ያንተ ነው አሉኝ።

አሁን አርጅቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት ማንንም ትንፋሽህን ያዝ ብዬ አላውቅም። እትዬ አስካለ ሥራዬ ደበዘዘ እያሉ እስኪሞቱ ተቆጥተውኛል። አዋሽ ዳርም ተመልሼ ብዙ ወፍ አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ቀኑ ክንፍ ግን አላገኘሁም። ያቺ ፎቶ ከመሳቢያዬ ወጥታ አታውቅም።

የሚረብሸኝ አንድ ነገር ነው። ያን ቅዳሜ የፊልሙን ጫፍ አጥፌ ቢሆን ኖሮ ምንም አይበላሽም ነበር። ጥርት ያለ፣ ባለ ኮት፣ ሁለት እግር ያለው ፎቶ በወጉ ታሽጎ ይሄድ ነበር። እኔም ሥራዬን በደንብ ሠራሁ ብዬ እሑድ ወፌን አነሳ ነበር። እናትየው ፖስታውን ከፍተው የሚያዩት ግን ትንፋሹን ያስያዝኩትን ልጅ ነበር።